የፎገራን ከብት ዘር ስለ መጠበቅ

በቅሎ የአህያና የፈረስ ዲቃላ ናት፤ መካን ስለ ሆነች ዘርዋ በርሷ ላይ ይቆማል። የከብት ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ባለ ሻኛው የእስያ ከብትና ሻኛ የሌለው የጥንቱ የአፍሪቃ ከብት ከተለያዩ እጅግ ረዥም ዘመን ቢያልፍም፥ ሲዳቀሉ የሚገኘው ጥጃ ራሱ የሚራባ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት የ172 የአፍሪቃ ከብቶች ዘር ተመርምሮ፥ የሁለቱ ወገኖች ታላቁ መደባለቅ ከ750 እስከ 1,050 ዓመት በፊት እንደ ተደረገ ተገምቷል። በእናት በኩል የሚወረሰው ምልክት ሻኛ ከሌላቸው ላሞች፥ በአባት በኩል ያለው ግን በብዛት ከባለ ሻኛ ኮርማዎች የመጣ ስለ ሆነ፥ መደባለቁ በተለይ በኮርማ እንደ ሆነ ይታወቃል።

በወረታ ዙሪያ፥ የርብና የጉማራ ወንዞች በሚያጠጡት የጣና ዳር ሜዳ የሚረባው የፎገራ ከብት የዚህ መደባለቅ ፍሬ ነው። ሊቃውንት «ዜንጋ» ከሚሉት ወገን ይቈጥሩታል፤ ይኸውም ሳንጋ የተባለው የቀድሞ ዲቃላ እንደ ገና ከባለ ሻኛው ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ማለት ነው። መልኩ ጥቁርና ነጭ፥ ቀንዱ አጭር፥ ጠባዩ ገራም ነው፤ የክረምቱን ረግረግና ዝንብ ይችላል፤ ለወተትም ለእርሻም ይሆናል።

መደባለቅ ያስገኘውን ዘር ዛሬ መደባለቅ ሊያጠፋው ቀርቧል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ የገባው ሩዝ ለገበሬው ሀብት ሆነ፤ ነገር ግን የከብቱን ግጦሽ ወሰደ። ግጦሽ ሲጠብ ጥቂት መኖ የሚበቃው ትንሹ የደጋ ከብት ገባ፤ ኮርማውም በወል ግጦሽ ላይ ሳይመረጥ የፎገራን ላም ይሰርራል። እንዲህ ሆኖ 4 ትውልድ ቢቀጥል፥ በጥጃው ላይ የሚቀረው የፎገራ ደም ከ16 እጅ 1 እጅ ብቻ ነው።

ማዳቀል ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 በጓንጓ ወረዳ የተቋቋመው የመተከል ማራቢያ፥ የፎገራን ላም ከፍሪዥያን አዳቅሎ ወተት የሚሰጡ ጊደሮችን ለገበሬ እንዲያከፋፍል የታሰበ ነበር፤ ለዚህም ንጹሕ የፎገራ እናት ታስፈልጋለች። ባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማእከልም የፎገራን መንጋ ይዞ ዘሩን ለማሻሻል ሠርቷል። ሆኖም ዘር በማራቢያ አጥር ውስጥ ብቻ ተጠብቆ አይኖርም።

ስለዚህ አስተዳዳሪዎችና የወረዳ ሹማምንት ሦስት ነገር ሊያስቡ ይገባል፤ አንደኛ፥ ከቀረው የወል ግጦሽ ለፎገራ መንጋ የሚሆን ስፍራ እንዲከለል፤ ሁለተኛ፥ የየመንደሩ ሽማግሎች የመረጧቸው የፎገራ ኮርማዎች ተለይተው፥ ሌሎቹ ሳይደርሱ እንዲቀጠቀጡ፤ ሦስተኛ፥ ላሙን ለወተት የሚያዳቅል ባለ ከብት አስቀድሞ ምትክ የሚሆን ንጹሕ ጊደር እንዲያስቀር። በበሽታ ያለቀ መንጋ በግዢ ይተካል፤ ተደባልቆ የጠፋ ዘር ግን የሚሸጥበት ገበያ የለም።