ስለ ፍጥረት የሚከራከሩ ወንድማማች

በሻንቶ ሁለት ወንድማማች፣ በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር በተገኘችው በድንቅነሽ ምክንያት ማዕድ መለያየታቸውን አይተን አዘንን። ታናሹ ከኦሪት ተነሥቶ ስድስቱን ዕለታትና ከአዳም እስከ ክርስቶስ ያለውን 5,500 ዓመት ይቈጥራል፤ ይህም ክሪኤሽኒዝም የሚባለው ነው። የአፅሟን 3.2 ሚሊዮን ዓመት የተቀበለውን ታላቁን «ከሃዲ» አለው። ታላቁ ግን «የዓይን ረቂቅ አሠራር ያለ ጠቢብ አይሆንም» ባይ ነው፤ የጠቢቡን ስም ብቻ ከክርክሩ አያገባም። ይህ ኢንተለጀንት ዲዛይን ነው። እንግዲህ የተለያዩት በክርክራቸው መነሻ እንጂ በፈጣሪ መኖር አልነበረም።

ታላቁም ሐሳቡን ሳይንስ ማለቱን አልወደድንለትም፤ በአሜሪካ የዶቨርን ትምህርት ቤቶች ክስ ያየው ዳኛ በ1998 ዓ.ም. ሳይንስ አይደለም ሲል ፈርዷል።

እኛም እያንዳንዱ ከመመለሱ በፊት የወንድሙን ቃል፣ ወንድሙ «አዎን፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ እንዲደግም አዘዝን። ታናሹ ሦስት ጊዜ ሳተ፤ በአራተኛው «አዎን» ተባለ፤ ተራውም የታላቁ ሆነ።