የሊኑክስ ሰርቨር ዲስክ ችግር ሲያጋጥም ከጥገና በፊት መወሰድ ያለባቸው እርምጃዎች

የአርሲ ደጋማ ወረዳዎች በስንዴና በገብስ ምርታቸው ይታወቃሉ። በአሰላ ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ከተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ጊዜ አንሥቶ የግብርና ምርምር ሲካሄድ ቆይቷል፤ ዛሬም የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በስንዴ ምርምር ይታወቃል። የአንድ መኸር የመስክ ሙከራ ውጤት ከጠፋ ያ ወቅት ተመልሶ አይመጣም። ስለሆነም እንዲህ ያለ መረጃ በሊኑክስ ሰርቨር የሚይዙ ተቋማት ባለሙያዎች የሚከተለውን ቅደም ተከተል ሊያውቁ ይገባል።

ችግሩ የት እንዳለ መለየት

በሎጂካል ቮልዩም አሠራር (ኤልቪኤም) መረጃ በሦስት ንብርብሮች ይደራጃል። ከታች ዲስኮቹ፣ በመካከል ዲስኮቹን በአንድ ቋት አዋህዶ ወደ ክፍሎች የሚያከፋፍለው ኤልቪኤም፣ ከላይ ደግሞ ፋይሎችን የሚይዘው የፋይል ሥርዓት ይገኛል። ከላይ የታየ ስሕተት መነሻው የተበላሸ ዲስክ ሊሆን ስለሚችል ምርመራው ከታች ይጀምራል።

ቦታ ሲሞላ

በቅድሚያ በቋቱ ውስጥ ያልተመደበ ቦታ መኖሩ ይረጋገጣል። ካለ መጀመሪያ ክፍሉ፣ ቀጥሎም የፋይል ሥርዓቱ እንዲሰፋ ይደረጋል። ክፍሉን ብቻ ማስፋት ለተጠቃሚው ተጨማሪ ቦታ አያስገኝም። ለማሳነስ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ክፍሉ ቀድሞ ከተቆረጠ መረጃ ይጠፋል። ነፃ ቦታ እየታየ አዲስ ፋይል መፍጠር ካልተቻለ የፋይል መለያ ቁጥሮች (አይኖድ) አልቀው እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

ኤሌክትሪክ በድንገት ከተቋረጠ በኋላ

ኤክስት4 እና ኤክስኤፍኤስ የለውጥ መዝገብ (ጆርናል) ስላላቸው ብዙውን ጊዜ ሰርቨሩ ሲነሣ ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ይህ ካልሆነ፦

1. የከርነሉ መልእክቶች ይነበባሉ፤ የዲስክ ንባብ ስሕተት ከታየ ከማንኛውም ጥገና በፊት ዲስኩ በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣል።
2. የፋይል ሥርዓቱ ከአገልግሎት ውጭ (አንማውንት) ይደረጋል። በሥራ ላይ ያለን የፋይል ሥርዓት መጠገን ጉዳቱን ያባብሳል።
3. በመጀመሪያ ምንም ለውጥ በማያደርግ የንባብ ብቻ ፍተሻ የጉዳቱ መጠን ይታወቃል፤ ጥገናው ከዚያ ይቀጥላል።
4. የኤክስኤፍኤስን የለውጥ መዝገብ አጥፍቶ መጠገን የቅርብ ጊዜ ለውጦችን ስለሚያሳጣ የመጨረሻ አማራጭ ብቻ ነው።

መጠባበቂያ ቅጂ

የኤልቪኤም ቅጽበታዊ ቅጂ (ስናፕሾት) በዚያው ቋት ላይ ስለሚቀመጥ ዲስኩ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል። አስተማማኝ የሚሆነው በሌላ ስፍራ የተቀመጠና መልሶ መጫን መቻሉ በየጊዜው የተሞከረ ቅጂ ነው።