ከበዓሉ አስቀድሞ የሚደርስ እህል

የ55ቱ ቀን ጾም ተፈጽሞ የትንሣኤው ብሥራት ሲሰማ ነዳያንን መመገብ ከአባቶቻችን የወረስነው ልማድ ነው። ዓመቱን ሙሉም ቢሆን የሰንበቴው ማኅበርተኛ እንጀራውንና ጠላውን በየተራው አቅርቦ፣ ከደጀ ሰላሙ የተሰበሰበውን ድኻ ሳያበላ ወደ ቤቱ አይገባም። ሆኖም ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይቀመጥ ችግረኛም አለ። ትናንት ለጽዋ ማኅበሩ በተራው ይደግስ የነበረ፣ ዛሬ ግን ሕመም ወይም ሥራ ማጣት ቤቱን ያዘጋበት ጎረቤት እጁን ለልመና አይዘረጋም። የሰፈሩ የዶሮ ወጥ መዓዛ ግን ከልጆቹ ዘንድ ይደርሳል።

ስለዚህ በሰበካ ጉባኤው አማካይነት እህል የሚሰበስቡ ምእመናን ቀኑን አስቀድመው ቢያስቡበት መልካም ይመስለናል። የእንጀራው ሊጥ ቦክቶ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ ዱቄቱ በቅዳም ሹር ማታ ቢመጣ ለፋሲካ ገበታ አይደርስም። (የበዓል ማግሥት ትራፊማ ሌላ ነገር ነው።) በሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ የተሰበሰበው ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ በርበሬና እንቁላል በሰሙነ ሕማማት መጀመሪያ ቢከፋፈል ግን የቤቱ እመቤት በገዛ ምጣዷ ጋግራ፣ በገዛ ድስቷ ሠርታ ከልጆቿ ጋር ትፈስካለች።

የማን ጓዳ እንደ ጎደለ የሚያውቁት የንስሐ አባትና የቅርብ ጎረቤት ናቸው። ስም በዐውደ ምሕረት አይጠራም፤ ሲመሽ አንድ ዘንቢል ከደጃፉ ይደርሳል። ዘንቢሉንም መልሱ የሚል የለም።