ባልትና ከቤት፦ ሒሳቡ የሚጠፋው የት ላይ ነው?

ከቤቷ ሆና በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ የምትሸጥ ሴት ሥራው እንዴት ነው ተብላ ስትጠየቅ፣ መልሷ ብዙ ጊዜ «መሸጡስ ይሸጣል፤ ምን እንደሚተርፈኝ ግን አላውቀውም» የሚል ነው። እውነቷን ነው። በርበሬው ያልቃል፣ ደንበኛ ይደውላል፣ ገንዘብ ይገባል፤ የሚቀጥለውን ዛላ መግዣ ሲፈለግ ግን እጅ ላይ የሚበቃ አይገኝም።

ሥራዋን ማደራጀት ስትፈልግ በቅድሚያ የምታስበው መደርደሪያ፣ ክዳን ያለው ባልዲ፣ ስም የተጻፈበት ላስቲክ ነው። ይህ አስፈላጊ ነው፤ በአንድ ቅዳሜም ያልቃል። ከባዱ ቤቱንና ንግዱን መለየት ነው። ሁለቱም ከአንድ ጓዳ ይቀዳሉ፣ ከአንድ ቦርሳ ይከፍላሉ። አንዱ ከሌላው ምን እንደወሰደ የሚናገር የለም።

ለስሌት እንዲቀለን ዋጋውን ራሳችን እንገምት። 20 ኪሎ ዛላ በርበሬ በኪሎ 500 ብር ተገዛ እንበል፤ 10,000 ብር ሆነ። ለነጭ ሽንኩርት፣ ለዝንጅብል፣ ለበሶብላ፣ ለኮረሪማ፣ ለአዝሙድና ለጨው 3,500፣ ለወፍጮና ለመጓጓዣ 500 ሲጨመር ጠቅላላ ወጪው 14,000 ብር ነው። ዛላው ሲቀነጠስና ሲደርቅ ወደ 15 ኪሎ ይወርዳል፤ ቅመሙና ጨው ሲገባበት፣ ወፍጮ ቤት ደርሶ ሲመለስ 17 ኪሎ ተኩል ሆነ እንበል። ወጪውን በተገዛው 20 ኪሎ ያካፈለች ሴት አንዱ ኪሎ 700 ብር የፈጀባት ይመስላታል። ትክክለኛው 800 ነው። በ850 ብር ስትሸጥ 150 አተረፍኩ ብላ ታስባለች፤ የምታገኘው ግን 50 ብር ብቻ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መገዛት ያለበት መሣሪያ ሚዛን ነው። ዛላው ሲገባ፣ ከተቀነጠሰና ከደረቀ በኋላ፣ ከወፍጮ ሲመለስ ሦስት ጊዜ ይመዘናል፤ ሦስቱም ቁጥር ደብተር ላይ ይሰፍራል። ጉድለቱ እንደ ዛላው ጥራትና እርጥበት ስለሚለያይ የአምናው ቁጥር ለዘንድሮ አይሠራም። እርጥብ ዛላ ርካሽ መስሎ የሚያከስረውም እዚህ ላይ ነው፤ ውሃው በኪሎ ይገዛል፣ ፀሐይ ላይ ይተናል።

ሒሳቡን እንቀጥል። ከ17 ኪሎ ተኩሉ ውስጥ ኪሎ ተኩሉ ለቤት ወጥ ተቀነሰ፤ አንድ ኪሎ ደግሞ ለአራስ ጥየቃና ለእህት ሄደ። የተሸጠው 15 ኪሎ 12,750 ብር አመጣ። ከወጪው ጋር ሲተያይ 1,250 ብር ኪሳራ ነው! ሴትየዋ ይህን ስታይ ሥራው አያዋጣም ብላ ልትተወው ትችላለች። ነገር ግን ቤቱ የወሰደውን 2 ኪሎ ተኩል በወጪ ዋጋው፣ በ800 ብር፣ ቢከፍል 2,000 ብር ይገባል፤ ንግዱም 750 ብር አትርፏል ማለት ነው። ንግዱ አልከሰረም፤ ቤቱ ሳይጻፍበት ወስዷል።

እዚህ ላይ አንዳንድ መካሪዎች ለዘመድ መስጠት ይቁም ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በርበሬ እያላት ለእህቷ የምትነፍግ ሴት በሰፈሩም በቤተሰቡም ልትኖር አትችልም፤ መኖርም የለባትም። ትስጥ፣ ነገር ግን ስትሰጥ ትጻፈው። «አንድ ኪሎ፣ ለእህቴ፣ ከቤት ወጪ» የሚል መስመር ማንንም አያስቀይምም። ዱቤም እንዲሁ ነው፤ ደመወዝ ሲወጣ እከፍላለሁ ያለ ጎረቤት ስሙና ቀኑ ከተጻፈ፣ መጠየቁም እንደ ክስ አይሆንም።

የ750 ብሩ ነገር ሌላም ጥያቄ ያስነሳል። መቀንጠሱ፣ መደለዙ፣ ማስጣቱና ማመሱ የስንት ቀን ጉልበት ነው? የራሷ የቀን ዋጋ በወጪው ውስጥ አልገባም። ቢገባ፣ 850 ብር ርካሽ እንደሆነ ወዲያው ይታያል።

ገንዘቡን መለየት ዛሬ ከበፊቱ ይቀላል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ደንበኛ በስልክ ይከፍላል፤ ለሽያጭ ብቻ ሌላ ቁጥር ወይም የባንክ ሒሳብ ቢያዝ፣ የገባው ገንዘብ ራሱን ይመዘግባል። መዝገብ የሌለው ነጋዴ በሌላ ሰው ግምት ይዳኛል። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ለአነስተኛ ነጋዴዎች ግብር የወጣው የቀን ገቢ ግምት ብዙ ቅሬታ ሲያስነሳ፣ ብዙው ሰው «ይህን ያህል አልሸጥም» ከማለት በቀር የሚያሳየው ወረቀት አልነበረውም።

ከሒሳቡ ቀጥሎ ወቅት አለ። ከማረቆና ከሐላባ የሚመጣው አዲስ ዛላ በብዛት ገበያ የሚገባው በበጋ ነው፤ ለማስጣት የሚመቸውም ፀሐይ ያኔ ነው። ትእዛዙ ግን ክረምቱ ላይ ይበረታል። ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለእረፍት የመጡት በሐምሌና በነሐሴ ሲመለሱ በሻንጣ በርበሬና ሽሮ ይዘው መሄድ ይፈልጋሉ፤ የፍልሰታ ጾምም የሽሮን ፍላጎት ይጨምራል። በዝናብ ተጣድፎ የተሰጣ በርበሬ ይሻግታል፤ ከሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ደግሞ በማመስም በመቀቀልም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ስለዚህ የክረምቱ በርበሬ በግንቦት ደርቆ ማለቅ አለበት። ሁሉንም አስፈጭቶ ማስቀመጥ ግን አይመከርም፤ ዱቄቱ ከዛላው ቀድሞ መዓዛውን ያጣል። በደንብ የደረቀውን አየር በማይገባው ዕቃ አኑሮ፣ ቀኑን ጽፎ፣ የቆየውን እያስቀደሙ በትንሽ በትንሹ ማስፈጨት ይሻላል።

ይህ ወቅት ገንዘቡንም ይነካል። የክረምቱ ሽያጭ የሚሰበሰበው በነሐሴና በጳጉሜን ነው። ወዲያው ዕንቁጣጣሽ ይመጣል፤ የልጆች ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ይከተላል። ዛላ የሚገዛበት በጋ ሲደርስ የዓመቱ መነሻ ገንዘብ ትምህርት ቤት ገብቷል። ልጆቹ መማራቸው ትክክል ነው፤ ቤቱ ግን የተበደረው ከንግዱ መሆኑን ማንም አልጻፈም። ብዙ ሴቶች ይህን ክፍተት የሚሞሉት በዕቁብ ነው። ከነሐሴ ሽያጭ ጀምሮ የሚጣል ዕቁብ፣ ዕጣው ቀድሞ ከወጣ ተራን በስምምነት ከሌላ አባል ጋር በመለዋወጥ፣ ወደ ኅዳርና ታኅሣሥ ሊገፋ ይችላል። ይህን ከዳኛው ጋር መነጋገር የሚያስፈልገው ዕቁቡ ሲጀመር ነው፤ ዕጣ ከወጣ በኋላ ሰው ሁሉ የራሱ ጉዳይ አለው።