ከሽንዲ የወጣ ላንድስኬፕ አርክቴክት ምን ላፕቶፕ ይግዛ?

ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ሽንዲ፣ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ «ላንድስኬፕ አርክቴክት ነኝ» ያለ ወጣት አበባ ተካይ ተደርጎ ቢወሰድ አይገርምም። ሙያው በክልል ከተሞች ገና እንግዳ ነው። ሰምቻለሁ የሚለውም የሰማው ከአዲስ አበባ ነው፤ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ከተከፈተው አንድነት ፓርክ፣ ዓመት ቆይተው ከተከተሉት ወዳጅነትና እንጦጦ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከኮሪደር ልማቱ። ስለዚህ ሥራው ሣር፣ ዘንባባ፣ ፏፏቴና መብራት ይመስለዋል።

ሣሩ የሚመጣው ግን ከሁሉም በኋላ ነው። ላንድስኬፕ አርክቴክት ከሕንፃው ደጃፍ እስከ ወንዙ ዳር ያለውን መሬት ይነድፋል። የዝናቡ ውሃ በየት እንደሚሄድ፣ እግረኛው የት ጥላ እንደሚያገኝ፣ የድጋፍ ግንቡ ቁመት ስንት እንደሚሆን፣ የትኛው ዛፍ የት እንደሚተከል የሚወስነው እሱ ነው። ምዕራብ ጎጃም ላይ ደግሞ ውሃው ሁሉንም ይቀድማል። ክረምት ከገባ ቀዩን አፈር ይዞ የሚወርደው ጎርፍ ቦይ ካጣ መንገዱን ራሱን ቦይ ያደርገዋል። ኒው ዮርክ ውስጥም ቢሆን ነገሩ ከዚህ አልራቀም፤ ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድና ካልቨርት ቮክስ እ.ኤ.አ. በ1858 ውድድሩን ያሸነፉበት ሴንትራል ፓርክ ዛፍ ከመተከሉ በፊት ረግረጉን በቱቦ ማድረቅ አስፈልጎት ነበር።

እኛ ዘንድ ወደ ሙያው የሚገባው አብዛኛው ሰው መጀመሪያ አርክቴክቸር ወይም የከተማ ፕላን ያጠናል። ሰው እስከ ዛሬ «ሕንፃ ኮሌጅ» የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮ ስዊድን ተቋምነት የተጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ክፍል በሁለተኛ ዲግሪ የአካባቢ ፕላንና የላንድስኬፕ ንድፍ ያስተምራል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ አዲስ አበባ ያለ አማካሪ ድርጅት ነው፤ ጁኒየሩ እዚያ የመጀመሪያ ዓመቱን የንጣፍ ድንጋይ ሲደረድር፣ ማንሆል ሲያስቀምጥ፣ ችግኝ ሲቆጥርና የሥራ ዝርዝርና መጠን ሲያዘጋጅ ያሳልፋል። አሰልቺ ነው፤ ግን እጅ የሚፈታው በዚህ ነው። ሌላው ማዘጋጃ ቤት ነው። እዚህ ደግሞ የከተማው ብቸኛ «ዲዛይን የሚችል ልጅ» መሆን አለ፤ የአደባባይ ንድፍ፣ የበዓል መድረክ፣ የቢሮ ታፔላ ሳይቀር ወደ እሱ ይመጣል።

ማዘጋጃ ቤቱን የመረጠ ሰው ቶሎ የሚጋፈጠው ጉዳይ አለ። የከተማ ፕላን መመሪያው ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴ ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ እንዲውል ይፈልጋል። ወረቀት ላይ አረንጓዴ የተቀባው ቦታ መሬት ላይ ሲታይ ግን ብዙ ጊዜ ቦረቦር፣ የወንዝ ዳር ወይም የአንድ ሰው ባሕር ዛፍ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቦታውን በትክክል ካርታ ላይ ማስቀመጥ ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪን የምታሳስት አንዲት ነገር አለች። በቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት የታተሙት የ1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ መነሻ ነው። ስልካችን ላይ ያለው ጂፒኤስ ደግሞ የሚናገረው በሌላ መነሻ፣ በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሁለቱን ሳያስማማ አንድ ላይ የደረበ ሰው ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ይስታል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጫካ ገበያው መሃል ተቀምጦ ያገኘዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ፕሮግራም ላይ የካርታውን መነሻ አዲንዳን፣ ዞኑን 37 ሰሜን ብሎ መንገር። ኪውጂአይኤስ ነፃ ነው፤ ተራ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል።

ከፍታም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በራዳር የለካው የምድር ከፍታ መረጃ ዛሬ በነፃ ይወርዳል፤ ፈጣም ወይም ላህ ወንዝ ውሃውን ከየት ከየት እንደሚሰበስብ ለማየት ግሩም ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ነጥብ 30 በ30 ሜትር ስለሆነ 60 በ60 የሆነች መናፈሻ ላይ የሚያርፉት አራት ነጥቦች ብቻ ናቸው። የከፍታ ስህተቱም በሜትሮች የሚቆጠር ነው። 120 ሜትር ርዝመት ያለው የኮብልስቶን መንገድ ውሃው እንዲሄድለት 1 በመቶ ተዳፋት ይሰጠው ብንል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚፈለገው 1 ሜትር ከ20 ነው። በዚያ የራዳር መረጃ ይህን ልወስን ያለ ሰው ክረምት ላይ ኩሬ ያገኛል። ሰርቬየሩን በሌቭል ወይም በቶታል ስቴሽን አስለክቶ፣ ነጥቦቹን ተቀብሎ፣ ኮንቱሩን ራሱ ማውጣት አለበት።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ኮምፒውተሩ ጋ ለመድረስ ነው። ጀማሪዎች ላፕቶፕ የሚመርጡት የሚያምር ቪዲዮ አይተው ነው፤ ሉሚዮን በሚባለው የቪዲዮ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ዛፉ በነፋስ ሲወዛወዝ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ። በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ግን አውቶካድ፣ ኪውጂአይኤስና ስኬችአፕ ነው። አውቶካድ አብዛኛውን ሥራውን በአንዲት የፕሮሰሰር ኮር ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ከኮሩ ብዛት ይልቅ የአንዷ ፍጥነት ይበልጣል። ራም 16 ጊጋባይት ይበቃል፣ 32 ከሆነ እሰየው። ዲስኩ ኤስኤስዲ ካልሆነ ግን አይገዛ፤ በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ትልቅ የሳተላይት ምስል መክፈት ጠላ ጠምቆ እንደመጠበቅ ነው። ማክ የሚያምረው ካለ፣ ሲቪል ስሪዲ፣ ሬቪት፣ አርክጂአይኤስ ፕሮና ሉሚዮን ለማክ እንዳልተሠሩ አውቆ ይግባበት።

ዋጋውስ? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ዘለለ፤ አዲስ ላፕቶፕም ከብዙ ተመራቂ አቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ መርካቶና ቦሌ የሚሸጡት ያገለገሉ ዎርክስቴሽኖች፣ ዴል ፕሪሲዥን፣ ኤችፒ ዜድቡክ፣ የሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ፣ ለጀማሪ የተሻሉ ናቸው ባይ ነኝ። አካላቸው ጠንካራ ነው፤ ራምና ዲስካቸውም በአብዛኛው ይቀየራል። የቆዩት ላይ የሚገኘው ኳድሮ የግራፊክስ ካርድ ብዙ ጊዜ 2 ወይም 4 ጊጋባይት ስለሚሆን ለስኬችአፕ ይበቃል፤ ሉሚዮን ላይ ግን ይታነቃል። ሻጩ «ባትሪው አዲስ ነው» ቢል እዚያው ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት እንዲያወጣ ማዘዝ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውንና ዛሬ የቀረውን አቅም ጎን ለጎን ያሳያል። መብራት በሚሄድበት ከተማ ይህ ቁጥር ከፕሮሰሰሩ ስም ይልቅ ቁም ነገር አለው። ዴስክቶፕ በዚያው ብር የበለጠ ጉልበት ይሰጣል፤ ያለ ዩፒኤስ ግን መብራት በሄደ ቁጥር ሥራ ይበላል፣ ቦታው ላይም ይዘውት አይወጡም።

የፕሮግራም ፈቃዱ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። አውቶዴስክ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አንዴ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚያዝ ፈቃድ መሸጥ አቁሟል፤ በኪራይ የሚሠራው ደግሞ በየጊዜው ኢንተርኔት ይጠይቃል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ብዙው ሰው ወደ ክራክ፣ ማለትም ፈቃዱ ወደተሰበረ ቅጂ፣ የሚሄደው ለዚህም ጭምር ነው፤ ከክራኩ ጋር የሚገባው ቫይረስ ግን በፍላሽ ተላልፎ የመሥሪያ ቤቱን ፕላን ሁሉ ሲበላ ይኖራል። ተማሪ ሳሉ የሚሰጠውን ነፃ ፈቃድ መጠቀም፣ ከምረቃ በፊት ኪውጂአይኤስንና ነፃውን የሞዴልና የቪዲዮ መሥሪያ ብሌንደርን መልመድ ይሻላል። ሁለቱም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።

ኃላፊዎች ቪዲዮ መጠየቃቸው አይቀርም፤ በጀት የሚያስፈቅደውም ብዙ ጊዜ ቪዲዮው ነው። ለዚያች አንድ ቀን ብሎ ውድ ላፕቶፕ ከመግዛት፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ጠንካራ ዴስክቶፕ ካለው የክፍል ጓደኛ ጋር ተስማምቶ ሞዴሉን በፍላሽ መላክ ርካሽ ነው። ሞዴሉ ከመላኩ በፊት ግን ዛፎቹ ይታዩ። ፕሮግራሞቹ ይዘዋቸው የሚመጡት ዛፎች በአብዛኛው የአውሮፓና የአሜሪካ ናቸው፤ ሳይታሰብ የካናዳ ዛፍ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ ይበቅላል፣ አይቶ ያፀደቀው ኃላፊም ያንኑ ትከሉልኝ ይላል። ዋንዛውን በነጭ አበባው፣ ብሳናውንና ወይራውን በስልክ ፎቶ አንስቶ፣ ዳራውን ቆርጦ በራስ ፎልደር ማስቀመጥ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። በዚያው ጉዞ ችግኝ ጣቢያው ጎራ ብሎ ለሐምሌ የትኛው ችግኝ እንደሚደርስ መጠየቅም ይቻላል።