ሥዕል ሙግት ሲሆን፤ ዴቪድ ሎውና የኢትዮጵያ ጉዳይ

ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው አሮጌው የባቡር ሐዲድ በሽንሌ በኩል ያልፋል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ዐፄ ኀይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ መሥመር ነው። ለጦርነቱ ሰበብ የሆነው የኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭትም የደረሰው በሱማሌ ምድር፣ በኦጋዴን ነበር። ስለዚህ ታሪክ ብዙ ተጽፏል፤ እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው የኢትዮጵያን ጉዳይ በቀለምና በብሩሽ የተከራከረውን ሰው ነው።

ዴቪድ ሎው እ.ኤ.አ. በ1891 በኒውዚላንድ፣ በዱኒዲን ከተማ ተወለደ። በ1911 ሲድኒ በሚታተመው «ቡለቲን» መጽሔት ሥራ ያዘ። በ1918 በአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር በቢሊ ሂዩዝ ላይ የሚቀልድ የሥዕል መጽሐፍ አውጥቶ ስሙ ተጠራ፤ በማግስቱ ዓመት ለንደን ገባ። ከ1927 ጀምሮ የሠራበት «ኢቭኒንግ ስታንዳርድ» ጋዜጣ ባለቤት ሎርድ ቢቨርብሩክ ወግ አጥባቂ ነበር፤ ሎው ግን ከባለቤቱ አሳብ የሚቃረን ሥዕል እንኳ የማውጣት ነጻነት ነበረው።

ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ሎው ወራሪውን ብቻ ሳይሆን የሚያመነታውን የመንግሥታት ማኅበርም አልማረም። የአሠራሩ ምስጢር ይህ ነው፤ አምባገነንን አስፈሪ አድርጎ መሣል እርሱን ማክበር ነው፣ ሞኝ አድርጎ ማሳየት ግን ያቈስለዋል። ስለዚህም ሥዕሎቹ በኢጣልያና በጀርመን ታገዱ። በ1937 የጀርመን ሹማምንት ለእንግሊዙ ሚኒስትር ለሎርድ ሃሊፋክስ አቤት ስላሉ፣ ሎው ብዕሩን እንዲያለዝብ ተለመነ። እርሱም ለጥቂት ጊዜ ሂትለርንና ሙሶሊኒን በአንድ ፊት ያዋሐደ «መዝለር» የሚባል ገጸ ባሕርይ ፈጠረ፤ ኦስትሪያ በ1938 በተያዘች ጊዜ ግን ወደ ቀድሞ ጠባዩ ተመለሰ። በ1962 የ«ሰር» ማዕርግ ተቀብሎ በ1963 ዐረፈ።

እንግዲህ ሥዕል ምን ፈየደ? በሽንሌ ያለፈውን ባቡር አላስቆመም፤ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ የተሰማውንም አቤቱታ አላስፈጸመም፤ ማኅበሩ በኢጣልያ ላይ የጣለውን ቅጣት በቀጣዩ ወር አነሣ። ነገር ግን በዳዩ ድሉን በክብር እንዳይለብስ ከልክሏል። የሱማሌ ባለቅኔ በግጥሙ የሚያደርገውን ሎው በመሥመር አድርጎታል። ስለዚህ የዘመኑን ታሪክ የምንመረምር ሁሉ ከሰነዱ ጎን ሥዕሉንም እንደ ምስክር ልንጠይቀው ይገባናል።