የጠፉ ሲኒማ ቤቶች የት ነበሩ? እንዴትስ ይገኛሉ?

አዘጋጅ፦ የ7ኛ «ለ» ክፍል ተማሪ፣ ከሚኒ ሚዲያ ክበብ

«አካባቢያችንን እንወቅ» በሚለው አምዳችን ዛሬ ስለጠፉ ሲኒማ ቤቶች ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። አንድ ሲኒማ ቤት ከፈረሰ በኋላ ቦታው የት እንደነበረ እንዴት ማወቅ ይቻላል? መጀመሪያ ከሩቅ አገር እንጀምርና ቀስ እያልን ወደ ፒያሳ፣ ከዚያም ወደ ሰፈራችን ወደ ዶሮ ማነቂያ እንመጣለን። መልካም ንባብ!

መኪና ውስጥ ተቀምጦ ፊልም ማየት

በአሜሪካ ድራይቭ ኢን የሚባል ሲኒማ አለ። ጣሪያም ወንበርም የለውም። ሰው በመኪናው ይገባል፣ መኪናውን ወደ ትልቁ ነጭ ግድግዳ አዙሮ ያቆማል፣ መብራቱን ያጠፋል፣ ከዚያ እዚያው መኪናው ውስጥ ሆኖ ፊልሙን ያያል። ድምፁ መስኮት ላይ ከሚንጠለጠል ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይመጣል፤ በኋላ ደግሞ በመኪናው ሬዲዮ መስማት ተጀመረ። በእርግጥ ቀን አይሠራም፣ ለምን ቢባል ፀሐይ እያለ ግድግዳው ላይ ምንም አይታይማ!

ይህን የጀመረው ሪቻርድ ሆሊንግስሄድ የሚባል ሰው ነው። መጀመሪያ በቤቱ ግቢ ሞከረው። ሁለት ዛፎች መካከል አንሶላ ወጠረ፣ የፊልም ማሳያውን መኪናው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በ1925 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1933) በኒው ጀርሲ የመጀመሪያውን ድራይቭ ኢን ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ 4000 ያህል ደርሰው ነበር። አሁን የቀሩት 300 ገደማ ናቸው። ቴሌቪዥንና ቪዲዮ ሰዉን ቤቱ አስቀሩት፣ የመሬት ዋጋም ስለጨመረ ባለቤቶቹ ቦታውን ለገበያ ማዕከልና ለመኖሪያ ቤት ሸጡት።

የሚገርመው ነገር የጠፉትን ቦታዎች የሚፈልጉ ሰዎች መኖራቸው ነው። የሚያገኟቸውም ከሰማይ በተነሳ ፎቶ ነው። ድራይቭ ኢን ውስጥ መኪናው ፊቱን ቀና አድርጎ እንዲቆም መሬቱ እንደ ትንሽ እርከን ይሠራል። እርከኖቹ ግድግዳውን ከበው በግማሽ ክብ ይደረደራሉ። ሲኒማው ከተዘጋ በኋላ ሣር ቢበቅልበትም ከላይ ሲታይ መስመሩ አይጠፋም፣ ግማሹ የተቆረጠ የሰፌድ ስፌት ይመስላል። ስለዚህ ማንንም ሳይጠይቁ «እዚህ ነበር!» ማለት ይችላሉ።

የእኛ ሰፈር ግን እንደዚህ አይደለም። የዶሮ ማነቂያ መንገድ እንኳን ለሲኒማ መኪና ሊደረድር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሄድበት ሦስተኛው ግድግዳ ታኮ የሚያልፍበት ቦታ ነበረው። የእኛ ሰው ፊልም የሚያየው በእግሩ ሄዶ ነው። ታዲያ የእኛዎቹን እንዴት እናገኛቸዋለን? ሳጠና የደረስኩበት ነገር፣ ቦታዎች የሚጠፉት በሦስት ዓይነት መንገድ ነው።

1ኛ. ሕንፃው ይቀራል፣ ስሙ ይጠፋል

በከተማችን መጀመሪያ ላይ የተከፈተው ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ይባል ነበር። ሰው ግድግዳ ላይ ሲሮጥ፣ ፈረስ ሲጋልብ፣ ከዚያ መብራቱ ሲበራ ደግሞ ምንም ሲታጣ የዚያን ጊዜ ሰዎች የሰይጣን ሥራ ነው አሉ። ቦታው ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ፣ ኋላ ሜጋ አምፊ ቴአትር የተባለው ጋ ነው። ዛሬ ግን «ወደ ሰይጣን ቤት ውሰደኝ» ብትሉ ማንም ታክሲ አይወስዳችሁም።

ሌላው ብሔራዊ ቴአትር ነው። ሕንፃውን የጀመረው ጣልያን ሲሆን ስሙም ሲኒማ ማርኮኒ ነበር። ጣልያን ሳይጨርሰው ተባረረ። በ1948 ዓ.ም. የአፄ ኃይለ ሥላሴ 25ኛ የዘውድ በዓል ሲከበር ተጠናቆ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተባለ። አሁን ብሔራዊ ነው። አንድ ቤት ሦስት ስም ማለት ነው። እንደዚህ ያለውን ለማግኘት የድሮ ጽሑፍ ማንበብ ይበቃል፣ ምክንያቱም ግድግዳው አለ።

2ኛ. ስሙ ይቀራል፣ ነገሩ ይጠፋል

ኬንያ ናይሮቢ ውስጥ፣ ቲካ መንገድ ላይ ፎክስ የሚባል ድራይቭ ኢን ነበረ። ሲኒማው ጠፍቷል፣ ሰፈሩ ግን እስካሁን «ድራይቭ ኢን» ይባላል። በታንዛኒያ ዳሬሰላም የነበረው ድራይቭ ኢን ቦታ ላይ ደግሞ ዛሬ የአሜሪካ ኤምባሲ ቆሟል።

በእኛም ከተማ እንዲህ ያለ ሞልቷል። የመንገደኛ አውሮፕላን ወደ ቦሌ ከተዛወረ ስንት ዘመኑ፣ ሰፈሩ ግን ኦልድ ኤርፖርት ነው። የአራዳ ገበያም ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፤ በጣልያን ጊዜ ወደ መርካቶ ተዛወረ። ገበያው ሄደ፣ አራዳ የሚለው ስም እዚሁ ቀረ። ፒያሳ ራሱ በጣልያንኛ አደባባይ ማለት ነው። ዶሮ ማነቂያም ስሙ ውስጥ ዶሮ አለ እንጂ እኔ እዚያ ስኖር ዶሮ የሚታነቅበት ቦታ አላየሁም።

ሰዎች ሲቀጣጠሩም ስሙ ይጠቅማል። «ሲኒማ ኢትዮጵያ ጋ ጠብቀኝ»፣ «አምፒር ጋ እንገናኝ» ይላሉ፤ ፊልም ሊያዩ ግን አይደለም። ስም ካለ ቦታውን ማግኘት ቀላል ነው፣ ስሙን ተከትሎ መሄድ ነው።

3ኛ. ሕንፃውም ስሙም ይጠፋል

ይህ ከባዱ ነው፣ የእኛ ሰፈርም እዚህ ውስጥ ነው። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ጊዜ ፈርሷል። እዚያ ከነበሩት ነገሮች ውስጥ አንዱ ቪዲዮ ቤት ነው።

ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች በመጽሐፍም በፎቶም አሉ። ቪዲዮ ቤት ግን ማንም ፎቶ አላነሳውም። አባቴ እንደነገረኝ አንድ ክፍል ቤት ነው፣ ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ። መስኮቱ በብርድ ልብስ ይጋረዳል። ውስጡ አግዳሚ ወንበሮች፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ። በሩ ላይ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሎ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ ይጻፋል፣ «8 ሰዓት ካራቴ፣ 10 ሰዓት ህንድ» እየተባለ። መግቢያው 50 ሳንቲም ነበር። የህንድ ፊልም ሦስት ሰዓት ስለሚፈጅ በዚያው 50 ሳንቲም ብዙ ይታያል፣ ስለዚህ ወረፋ ነበረው። ካራቴ የታየ ቀን ደግሞ ልጆቹ ሲወጡ መንገዱ ሁሉ ቡጢና ካልቾ ይሆናል አለኝ።

ቪዲዮ ቤትም እንደ ድራይቭ ኢን ቀስ በቀስ ጠፋ። ሰው ቤቱ ቴሌቪዥን ገዛ፣ ካሴቱ በሲዲ ተተካ፣ ዲሽ መጣ፣ አሁን ደግሞ ፊልሙ ስልክ ውስጥ ገባ። ግን እንደ ድራይቭ ኢን መሬት ላይ መስመር አልተወም። ከሰማይ ቢታይም ጣሪያው እንደ ጎረቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ ያለን አንድ መንገድ ሰው መጠየቅ ነው።

የእኛ ሙከራ

የክበባችን አባላት የቪዲዮ ቤቱን ቦታ ካርታ ላይ ለማስቀመጥ ሞከርን። ሥራውን በሦስት ደረጃ ሠራነው።

አንደኛ፣ ጠየቅን። አባቴ «ከቦኖው ከፍ ብሎ ነው» አለ። አጎቴ ደግሞ «ኧረ ከቦኖው ዝቅ ብሎ ነው፣ እኔ እኮ በየቀኑ እገባ ነበር» አለ። (ለታናናሾቻችን፦ ቦኖ ማለት የሰፈር ሰው ውሃ የሚቀዳበት የጋራ ቧንቧ ነው።) ሁለቱ ተከራከሩ፣ አልተስማሙም። ሦስተኛ ምስክር አስፈለገን።

በሩ ላይ ቆሎ ይሸጡ የነበሩ አንድ እማማ አሉ። አሁን የሚኖሩት በከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ነው። ስልክ ደውለን ጠየቅናቸው። ቦኖውን በየት በኩል እንደነበረ ስንጠይቃቸው እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ እኔ ጀርባዬን ለቪዲዮ ቤቱ ሰጥቼ ነው የምቀመጠው። ጠዋት ፀሐይ ዓይኔን ይወጋኛል፣ ከሰዓት ግን ቤቱ ጥላ ስለሚሆነኝ እስከ ማታ እቀመጣለሁ። ቦኖው በግራ እጄ ነበር።»

እስቲ የጂኦግራፊ ትምህርታችንን እናስታውስ። ጠዋት ፀሐይ ፊታቸውን ከመታቸው ፊታቸው ወደ ምሥራቅ ነበር ማለት ነው። ወደ ምሥራቅ ለዞረ ሰው ግራው ሰሜን ነው። ስለዚህ ቦኖው ከቪዲዮ ቤቱ በስተሰሜን ነበር። አዲስ አበባ ደግሞ ከሰሜን ከእንጦጦ ጀምሮ ወደ ደቡብ እየወረደች የምትሄድ ከተማ ናት፣ ሰፈራችንም በዚያው በኩል ቁልቁል ነበር። ስለዚህ ቪዲዮ ቤቱ ከቦኖው ዝቅ ብሎ ነው። አጎቴ ልክ ነበር!

አባቴስ? እማማ ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት «የትኛውን ነው ግን የምትሉት? ከላይ በኩል ኋላ የተከፈተ ሌላ ነበር እኮ» አሉን። ለካ ቪዲዮ ቤቶቹ ሁለት ናቸው። አባቴም ልክ ነበር። አንድ ሰው ብቻ ጠይቀን ብናቆም ኖሮ ሁለተኛውን ቪዲዮ ቤት አናገኘውም ነበር።

ሁለተኛ፣ የድሮ ምስል አየን። በኮምፒውተር ጉግል ኧርዝ የሚባለውን ከፍታችሁ የሰዓት ምልክቷን ስትጫኑ ያለፉት ዓመታት የሳተላይት ምስል ይመጣል። ከ2016 ዓ.ም. በፊት ወዳለው ስትመልሱት ዶሮ ማነቂያ ከነጣሪያው አለ። ቡኒ የዛገ ቆርቆሮ፣ አዲስ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ፣ በመካከላቸው እንደ ክር የቀጠነ መንገድ። ቦኖው ጋ መንገዱ ሰፋ ስለሚል ቦታውን ለየነው፤ ከዚያ ጣሪያ ቆጠርን።

ሦስተኛ፣ ለካን። የፈረሰ ነገር የሚለካው ካልፈረሰ ነገር ነው። ስለዚህ የማይንቀሳቀሱ ሁለት ቦታዎች መረጥን፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና ሀገር ፍቅር ቴአትር። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስም ከዚያ በፊት ጀምሮ ያለ ነው። በኮምፒውተሩ መለኪያ ከሁለቱም እስከ ቪዲዮ ቤቱ ያለውን ርቀት ወሰድን። ወረቀት ላይ ሁለቱን ነጥብ አድርገን በኮምፓስ ከየነጥባቸው ቅስት ሠራን። ሁለት ቅስቶች ሁለት ቦታ ላይ ይቆራረጣሉ፤ አንደኛው ሰፈራችን ካልነበረበት ወገን ስለሆነ ጣልነው። የቀረው ነጥብ ቪዲዮ ቤቱ ነው። ነገ እዚያ ላይ ምንም ነገር ቢሠራ በዚሁ መንገድ ማንም ሰው ሊያገኘው ይችላል።

ለምን ይጠቅመናል?

አንዳንድ ተማሪዎች «የፈረሰ ቪዲዮ ቤት ምን ያደርጋል?» ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ይህን ሥራ ስንጀምር ክፍላችን ውስጥም እንደዚያ ያሉ ነበሩ። እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው። ድራይቭ ኢንን መሬቱ ያስታውሰዋል። ማርኮኒን ሕንፃው ያስታውሰዋል። የአራዳን ገበያ ስሙ ያስታውሰዋል። የዶሮ ማነቂያን ቪዲዮ ቤት፣ ቦኖ፣ ወፍጮ ቤት፣ የዕድር ድንኳን የሚቀመጥበትን ቤት የሚያስታውሰው ግን ሰው ብቻ ነው። ሰዉ ደግሞ አሁን አንድ ቦታ የለም። ድሮ እማማን ለመጠየቅ በር ማንኳኳት ይበቃ ነበር፤ አሁን ቁጥራቸውን ለማግኘት አራት ሰው ጋ ደውለናል። አንዳንዶቹ ጎረቤቶቻችን ስልካቸው አይሠራም። ትልልቆቹ ደግሞ በየዓመቱ ዕድሜያቸው ይጨምራል። የድሮ የሳተላይት ምስሉ ጣሪያውን ያሳየናል እንጂ የትኛው ጣሪያ ስር ምን እንደነበረ አይነግረንም።

ከእናንተ የምንፈልገው

ክበባችን ግድግዳ ላይ ትልቅ ካርታ ሰቅለናል። እስካሁን ሁለቱ ቪዲዮ ቤቶችና ቦኖው ብቻ ተመልክተውበታል፣ ሌላው ባዶ ነው። በሰፈሩ የኖራችሁም፣ ዘመድ የነበራችሁም፣ ቤተሰቦቻችሁን እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ጠይቁልን፦

1. በሰፈሩ ውስጥ ምን ነበር? (ቪዲዮ ቤት፣ ወፍጮ፣ ሱቅ፣ ጠጅ ቤት፣ ፀጉር ቤት…)
2. በሩ ወደየት ያያል? ጠዋት ፀሐይ በየት በኩል ይገባበት ነበር?
3. ከጎኑ፣ ከበላዩ፣ ከበታቹ ምን ነበር?
4. ከመቼ እስከ መቼ ነበር? (ዓመቱን ካላስታወሱ «እኔ ስንተኛ ክፍል እያለሁ» ቢሉም ይሠራል።)
5. ሌላ የሚያውቅ ማን አለ?

አምስተኛውን እንዳትረሱ፣ እማማን ያገኘናቸው በእሱ ነው። መልሱን በደብተር ወረቀት ጽፋችሁ በእረፍት ሰዓት ለክበባችን ተወካይ ስጡ። መምህራንም ድሮ ፒያሳ ፊልም ያያችሁበትን ብትነግሩን ደስ ይለናል። በሚቀጥለው እትም የሞላውን ካርታ ይዘን እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!